ቮልሷን ልሽጣት ወይስ ልንዳት? የአንባቢዎች ጥያቄና የአሮጌው መካኒክ መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ቦሎ ናቸው። እነሱን ለሚቀጥለው አቆይቻቸዋለሁ። ሦስቱ ግን የተማከሩ ይመስል ስለ አንድ ነገር ጽፈውልኛል። አሮጌ መኪና፣ የእሁድ ዙረት፣ ያለፈ ጊዜ። እነሱን ላስቀድም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አንዲት ነጭ ቮልስ ትተውልናል፤ 1300፣ የ67 ሞዴል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራታችንንም ከኋላ ጠቅጥቀው ይዘውን ይወጡ ነበር። ፒያሳ ኬክ እንበላለን፣ ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል፣ ከዚያ ቦሌ። ጉዳይ ኖሮን አይደለም፤ ዝም ብሎ መዞር ነው። አሁን መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ታላቅ ወንድሜ «ትሸጥ፣ ቦታ ነው የያዘችው» ይላል። እኔ አልፈልግም። የሰፈራችን መካኒክ ልጅ ደግሞ ኮፋኖውን ከፍቶ አየና «ኮምፒውተር የምሰካበት እንኳን የላትም» ብሎ ሳቀ። ፒያሳም እንደሚያውቁት ፈርሳለች። ባስነሳትስ ወዴት ነው የምነዳት? (ከገርጂ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለአባትሽ ነፍስ ይማር። አራት ልጅ ከኋላ ጭነው ቸርችልን ከወረዱ ፍሬናቸውን ያምኑ ነበር ማለት ነው። ወደ ፍሬኑ እመለሳለሁ።

አትሽጫት። ስለናፈቀኝ ብቻ አይደለም እንዲህ የምልሽ፤ ሒሳቡም ይህንኑ ነው የሚለው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። ፋብሪካው ራሱ የመጨረሻዋን ቮልስ በሐምሌ 1995 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ሠርቶ ምርቱን ዘግቷል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ካመረተ በኋላ። እንግዲህ ዛሬ ከአዲስ አበባ መንገድ አንዲት ቮልስ ብትወጣ ምትክ የሚመጣላት ከየት ነው? ወንድምሽ ግን ስለ ቦታው እውነቱን ነው። ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና ቦታ ከመያዝ ሌላ ሥራ የላትም። ስለዚህ ትውጣ።

እኔ ጋራዥ የገባሁት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ካንዴላ አጽጂ ሆኜ ነው። እሁድ ጋራዡ ዝግ ነው። እኛ ልጆቹ ፒያሳ ሄደን ሲኒማ ኢትዮጵያ አካባቢ እንገተርና የሚያልፈውን መኪና እንተቻለን። ዙረቱ ከዚያ ይነሳል። ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ቸርችልን ይወርዳል፤ ለገሃር፣ አንበሳው ሐውልት ጋ ይታጠፋል፤ በስታዲየም አድርጎ ወደ ቦሌ መንገድ። ኤርፖርት ደርሰው አውሮፕላን ሲነሳ አይተው ይመለሳሉ። ከዚያ እንደገና። መስኮት ወርዷል፣ ክንድ ወጥቷል፣ ፀጉር አፍሮ ነው፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው። ሦስተኛ ያስገባ ሰው «ጉዳይ አለው እንዴ?» ተብሎ ይታማል። ፊያት ሴይቼንቶው፣ ፊያት ሚሌቼንቶው፣ ኦፔሉ፣ ፔጆው ሁሉ ይሰለፋል። ማርቸዲስ የያዘው የባለጸጋ ልጅ ከሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ በደንብ ይታይ ነዋ! ቮልስ የደሞዝተኛው ነበረች። የአስተማሪው፣ የባንክ ጸሐፊው፣ የነርሷ።

ከዚያ የካቲት 1966 መጣ። ነዳጅ ተወደደ፣ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፣ ቀጥሎ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ አምሽቶ መዞር የለም። መኪኖቹ ግን አልጠፉም። አዲስ እንደልብ ስለማይገባ ያለውን ማዳን ግድ ሆነ። ቡሹን ቶርኖ ቤት እናስቀርጸዋለን፣ ላሜራውን ካገኘንበት እንቆርጣለን። የእኔ ዘመን መካኒክ የተማረው ከእጦት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ባትሪ ገዝተሽ መጥተሽ ቁልፍ እንዳታዞሪ። መጀመሪያ ታንኩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ይውጣ። ቀጥሎ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ከነማሰሪያቸው ይቀየሩ። ቮልስን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃጥላት ግጭት አይደለም፤ ደርቆ ተሰንጥቆ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ አንድ ክንድ የማይሞላ ጎማ ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ አሮጌውን ጎማ ቶሎ ይጨርሰዋል። ትንሽ እሳት ማጥፊያ ከወንበርሽ ሥር አይጥፋ።

የኋላውን ወንበር አንሺው። ባትሪዋ እዚያ ሥር፣ በቀኝ በኩል ናት። ስትገዢ አሮጌውን አይተሽ ግዢ፤ በዚያ ዘመን ሞዴል 6 ቮልትም አለ፣ 12ም አለ። የወንበሩ ሞላ ሽቦ ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ወንበሩ መጨስ ይጀምራል። አራት ልጅ ከኋላ ስትዪኝ ቶሎ የመጣብኝ ይኸው ነው። ባትሪው ላይ ክዳን ይደረግ። እዚያው እያለሽ ምንጣፉን ግለጪና ወለሉን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጊው፤ የባትሪ አሲድ ይበላዋል። ካቻቢቴው ካለፈ ባቲላሜራ ጥሪ። ካላለፈ እግዜርን አመስግኚ። እንደ አውሮፓ በየክረምቱ መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተንብን የእኛዎቹ ቮልሶች ሆዳቸው ደህና ነው።

ከዚያ ካንዴላዎቹ ይውጡ። በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጊና ይደር። በማግስቱ የዲናሞውን ፑሊ ብሎን በቁልፍ ይዘሽ ሞተሩን በእጅሽ አዙሪው። ከዞረ አልተጣበቀም። ዘይቷ 2.5 ሊትር ነው። ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ወንፊት ብቻ ነው፣ እሱም ወጥቶ ይታጠብ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይሪ፣ ቫልቭም አስተካክዪ። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ በረዶ እንደሆነ፣ በጠዋት ነው። ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የላላ ቫልቭ ያንኳኳል፣ ትሰሚዋለሽ። የጠበቀው ግን ዝም ይልና ይቃጠላል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ጸጥ ያለች ቮልስ የምታስፈራን። አለቃዬ የካቻቢቴውን የእንጨት እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ቆይቶ «ሦስተኛው» ይላል። ሲከፈት ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። አስማት አይደለም። የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርድበት ከአራቱ ይበልጥ የሚግለው እሱ ነው። ግን መስማትም ነበረበት።

ቺንጋዋ (የሞተሩ ቀበቶ) አንድ ናት፤ ዲናሞውንም ቬንትሌተሩንም የምታዞረው እሷ ነች። ቮልስ ውሃ የላትም። የሚያበርዳት ያ ነፋስ ብቻ ነው። እየነዳሽ የቻርጁ ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋዋ ተበጥሳ ሊሆን ይችላል፤ ዳር ያዢና አጥፊያት። «ቤቴ ቅርብ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ሞተር የተቀበረው እዚያች ቅርብ ቦታ ላይ ነው። መለዋወጫ ቺንጋና 21 ቁልፍ ሁልጊዜ መኪናዋ ውስጥ ይኑር።

አሁን ፍሬኑ። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቮልሶች የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ላይ ያለች ጎሚኒ (የፍሬን ዘይቱን የምታግድ ትንሽ ላስቲክ) ካፈሰሰች አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። የሁለት ዓመት ቁም ደግሞ ጎሚኒ ይበላል። ሁሉም ይቀየር፣ ተጣጣፊ ቱቦዎቹም፣ የፍሬን ዘይቱም። ለቀለም ያሰብሽው ብር ካለ ለዚህ ይዋል። (አንድ ነገር ላጫውትሽ፦ የብዙዎቹ ቮልሶች የመስታወት ውሃ የሚረጨው በስኮርት ጎማው አየር ነው። ስኮርቱ ከተነፈሰ መስታወትሽ አይታጠብም። ይህን ያሰበውን ጀርመናዊ ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር።)

ዕቃ ሶማሌ ተራ ታገኛለሽ። የሚቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ፤ በስሙ ብቻ ከጠየቅሽ የሌላ መኪና ዕቃ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

የሳቀብሽን ልጅ አትቀየሚው። ኮምፒውተር የሚሰካበት የላትማ! ግን ጥሪው። አንድ ጡረታ የወጡ የቮልስ መካኒክ ፈልጊ። ዛሬም አሉ፤ የሚጠራቸው አጥተው ቤት ነው የተቀመጡት። ሁለቱን አገናኚያቸውና ለሁለቱም ክፈዪ። ቫልቩን ልጁ ያስተካክል፣ ሽማግሌው አጠገቡ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። እኔን ከጠየቅሽኝ ከመኪናዋ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ቮልስ እስከ ዛሬ የቆየችው የሚያውቃት እጅ በየሰፈሩ ስለነበረ ነው። አሁን እኛ እያለቅን ነው። የአለቃዬ ጆሮ አብሮት ተቀብሯል፤ የእኔም ተራ ሩቅ አይደለም።

ወዴት ልንዳት ላልሽው፦ እኔም በፒያሳ ሳልፍ አንገቴን አዞራለሁ፣ አልደብቅሽም። ኬክ ቤቱን አልመልስልሽም። መንገዱ ግን አለ፤ እንዲያውም ሰፍቷል። ዳር ላይ ማቆም ቀረ እንጂ። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጪ። ያን ሰዓት ከተማው ያንቺ ነው። መኪና የማይገባበት፣ «መንገድ ለሰው» የሚባለው እሁድ እንዳይሆን ብቻ አስቀድመሽ አጣሪ። ከአራት ኪሎ ተነሺ፣ በፒያሳ አድርጊና ቸርችልን በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ። እንደ ድሮው ለመታየት ብለሽ አይደለም፤ ፍሬንሽን ማርሹ ያግዘው። መስቀል አደባባይ ሥር ባለው ፓርኪንግ አቁመሽ ማኪያቶ ጠጪ። ወንድምሽን ከጎንሽ አስቀምጪው። «ትሸጥ» የሚለው ከዙረቱ ሲመለስም ያንኑ ካለ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

መንገድ ላይ ሌላ ቮልስ ስታዪ መብራት አብሪለት። ይመልስልሻል። እንዲህ ነው የምንተዋወቀው። የቮልስ ሰዎች ከተዋወቁ ደግሞ መሰባሰባቸው አይቀርም፤ ብቻዬን ነኝ ብለሽ አትስጊ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ደብረ ዘይት ድረሱ። 45 ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት መሆኑን አትርሺ። የ1300 ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እኛ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከአራት አንዱ እጅ ያህል ይጎድላል። በ70 ሂጂ፣ የሚያልፍሽ ይለፍ። እንጦጦን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው።

ለሰርግ አከራዪያት የሚሉሽ አይጠፉም። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን እንደ ነውር ያዩታል። እኔ አላይም። አንድ ሰርግ የአንድ ጎማ ዋጋ ያመጣል፣ መኪናዋም ለአንድ ቀን ትዘንጣለች። ሾፌሯ ግን አንቺ ሁኚ። ቁልፍ ለሚዜ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አባቴ ሐረር ውስጥ በፔጆ 404 ታክሲ ነው ያሳደጉን። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። እሳቸው ግን ዛሬም በየጠዋቱ አጥበዋት ፈረስ መጋላ ይወጣሉ። ሞተሯን አውጥቼ የቶዮታ ልግጠምላት ስል ተቆጡኝ። ማን ነው ልክ? (ከሐረር)

መልስ፦ ሁለታችሁም። የቶዮታ ሞተር የገጠመን ሰው አልኮንንም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የአባትህም ቁጣ ይገባኛል። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ስትወጣ ቅርጿን የነደፈው ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ1975 ምርቷ ቆመ። ሐረር ላይ ደግሞ ተሳፋሪ ጭና ዕድሜ ልኳን ሠርታለች። ፈረንጅ ሐረር ደርሶ ከጀጎል ግንብ ቀጥሎ ካሜራ የሚደግነው እሷ ላይ ነው። እንግዲህ አባትህ ከባጃጅ ጋር በታሪፍ አይፎካከሩ። ባጃጅ ይረክሳል፣ ያሸንፋል። እንግዳ ይጫኑ። የግንቡን በሮች አንድ በአንድ እያዞሩ ያሳዩ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ይቁሙ፣ ሲመሽ ወደ ጅቡ ምገባ ያድርሱ። ለዚህ ሥራ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ሞተሯ ዋጋ አለው። ሆቴል ቤቶቹን አንተ አነጋግር፣ እሳቸው ይንዱ። ቶዮታውን ያን ሞክረህ ሳይሆን ሲቀር ታስብበታለህ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እሁድ ማታ ክሬንሾ ጎዳና ላይ እነዚያ መሬት የሚስሙ አሮጌ ሼቭሮሌዎች እየተንጎራደዱ፣ አንዳንዴም እየዘለሉ ያልፋሉ። ልጄ አብዶላቸዋል። ይህ ነገር ክልክል ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ተፈቀደ እንዴ? ሌላው፣ የ1964 ሼቭሮሌ ኢምፓላ ገዝቼ ወደ አገሬ ስመለስ ይዤው ብገባስ? (ከሎስ አንጀለስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አይሆንም። ለገርጂዋ ልጅ የጻፍኩትን ስለ ታክሱና ስለ እገዳው አንብበው። ጉምሩክን ሳትጠይቅ መርከብ ላይ እንዳታስጭን፤ ኢምፓላህ ወደብ ላይ ቆማ ኪራይ ስትቆጥር ትኖራለች። እዚያው ግዛ፣ እዚያው ንዳ።

አንደኛው ጥያቄህ ግን ደስ ብሎኛል። እነዚህ ሎውራይደር የሚባሉት መኪኖች ታሪካቸው ከሕግ ጋር መደባበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ካሊፎርኒያ ሰውነቱ ከቸርኬው በታች የወረደ መኪና ከለከለች። በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል የሳን በርናርዲኖ ልጅ ኮርቬቱ ላይ የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፣ ሲሄድ መልሶ ያወርደዋል። ያ አሁን ልጅህ የሚያየው ዝላይ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ እንደ መካኒክ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

መኪናውን መከልከል ሲያቅት መዞሩን ከለከሉ። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ከተሞች በአንድ ቦታ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ያለፈ መኪና ይቀጣ አሉ። ይህ ሕግ ፒያሳ ቢወጣ ኖሮ የኔ ዘመን ጎረምሳ በሙሉ ዘብጥያ ይወርድ ነበር። ባለመኪኖቹ፣ አብዛኞቹ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ናቸው፣ ዝም አላሉም። ማኅበር መሠረቱ፣ ምክር ቤት እየሄዱ ተከራከሩ፣ ሚስትና ልጅ ይዘው ወጥተው «ወሮበላ አይደለንም» አሉ። ሳን ዲዬጎ አጠገብ ያለችው ናሽናል ሲቲ በ1992 ያወጣችውን ክልከላ በ2023 ሻረች። በዚያው ዓመት የክልሉ ሕግ አውጪዎች ለመላው ካሊፎርኒያ ወሰኑ፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከተሞች መዞርን መከልከል አይችሉም፣ የ1958ቱ ክልከላም ተነሳ። እንግዲህ ተፈቅዷል።

ልጅህን ይዘህ ሂድ። ከፌርፋክሷ ትንሿ ኢትዮጵያ ክሬንሾ ሩቅ አይደለም፤ እሁድ እራታችሁን ብሉና ውጡ። ከመኪና ውስጥ ሆናችሁ አትዩ። ወርዳችሁ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁሙ፣ ባለቤቶቹን ሰላም በሉ፣ ኮፋኖ ይከፈትልን በሉ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ኮፋኖ ክፈትልኝ ሲሉት እምቢ አይልም። ልጁ ዓይኑ ከበራ አንዱ ጋራዥ ቅዳሜ ቅዳሜ መሣሪያ ያቀብል። መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስትገዛም የሚዘለውን አትግዛ፤ ዝላይ ሻንሲ ይሰብራል፣ ለወገብህም አይሆንም።

በሚቀጥለው ዕትም ጎማና ቦሎ። ስትጽፉልኝ ሞዴሉን፣ ችግሩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይሁን ሲግል፣ ድምፁንም በአፋችሁ እንደምታሰሙት አድርጋችሁ ጻፉ። «ቀጭ ቀጭ» እና «ጓ ጓ» ለእኔ የተለያየ በሽታ ነው።